ትምህርት 11፦ ምክንያትና ውጤት

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ጣትና ቋጥኝ

በደቡብ ጀርመን፥ ፍራንከንዩራ በሚባለው አካባቢ፥ ከሥር ሲያዩት በሰው ላይ የሚወድቅ የሚመስል ቋጥኝ አለ። በዚህ ቋጥኝ ላይ የሚወጣ ሰው የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገቡ ቀዳዳዎችን ነው። ቮልፍጋንግ ጉሊሽ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ይህን ቋጥኝ በወጣ ጊዜ፥ በዘመኑ ከሚታወቁት የቋጥኝ መንገዶች ሁሉ እጅግ አስቸጋሪውን እንደ ወጣ ተመሰከረለት።

ጉሊሽ ለዚህ የበቃው በድፍረት ብቻ አይደለም። የስፖርት ሳይንስ ያጠና ሰው ስለ ነበረ፥ ቋጥኝ መውጣት ከአካሉ የሚጠይቀውን አስቀድሞ መረመረ። ጣቶች ቀዳዳውን ለመጨበጥ የሚያገኙት ጊዜ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጉልበት ማከማቸት ብቻ ሳይሆን፥ ያን ጉልበት በቅጽበት ማውጣት ያስፈልጋል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ፥ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ቀጫጭን የእንጨት እርከኖች ደርድሮ፥ እግሩን ሳያስነካ በጣቶቹ ብቻ ከእርከን ወደ እርከን እየተወረወረ ይለማመድ ጀመር።

ዛሬ ይህ ሰሌዳ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ነገር ግን ጡንቻና ጅማት እኩል አይጠነክሩም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሲበረታ፥ ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለ ሆነ ወራትን ይፈልጋል። ስለዚህ ለቸኮለ ሰው ጡንቻው የፈቀደለትን ጅማቱ ይከለክለዋል። በእናንተ ዕድሜ ላሉ ወጣቶች አደጋው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የጣት አጥንት አድጎ ሳይጨርስ እንዲህ ያለ ልምምድ ቢበዛበት፥ በሚያድግበት ሥፍራ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጉልበት የሚገነባው በልምምድ ሰዓት ብቻ ሳይሆን፥ ከልምምድ በኋላ በሚገኘው ዕረፍትም ነው።

ለ. ማስገንዘቢያ

«ስለዚህ» ምክንያት ከተነገረ በኋላ ገብቶ ውጤትን ያስከትላል። «ምክንያቱም» ግን ውጤት ከተነገረ በኋላ ምክንያቱን ያመጣል። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ሐሳቡ ይገለበጣል።

ሐ. መልመጃ

1. ጉሊሽ ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት ምን መረመረ? ምርመራውስ ምን ጠቀመው?

2. በባዶው ቦታ ተስማሚውን ማያያዣ አስገቡ።
ሀ. ልጁ ሳያርፍ ተለማመደ፤ ______ ጣቱ አበጠ።
ለ. አሠልጣኙ ልጁን ከሰሌዳው አወረደው፤ ______ አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ነበር።

3. «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከጡንቻና ከጅማት አጠነካከር ጋር እንዴት እንደሚስማማ፥ ሁለቱን ማያያዣዎች በመጠቀም በአንድ አንቀጽ ግለጹ።