የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንዳንጥል፦ የአዲስ ዓመት ዕቅድ በሥራና በቤት

መግቢያ

መስከረም ሲጠባ ብዙዎቻችን አዲስ ደብተር ገዝተን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የዓመቱን ዕቅድ እንጽፋለን። ጥቅምት ሳያልቅ ደብተሩ የሌክቸር ማስታወሻ ይሆናል። በመሥሪያ ቤት የተሰጠን ዕቅድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረሳም። ለምን ይሆን? በዚህች አጭር ጽሑፍ በማኔጅመንት ትምህርት ክፍላችን ስለ ግብ አወጣጥ የተማርነውን መነሻ በማድረግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ ቀጥሎም የሥራና የግል ሕይወት ግቦችን እንዴት ማመዛዘን እንደሚቻል ለማሳየት እሞክራለሁ። ቀን እየሠራሁ ማታ የምማር በመሆኔ ጉዳዩ ለእኔ የክፍል ውስጥ ርዕስ ብቻ አይደለም።

ምሁራኑ ምን ይላሉ?

ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው «ዘ ፕራክቲስ ኦፍ ማኔጅመንት» በተሰኘው መጽሐፉ በዓላማ መምራት የሚባለውን አስተሳሰብ አስተዋውቋል። አንድ ድርጅት ትርፍን ብቻ ግብ አድርጎ መያዝ የለበትም በማለት ግብ ሊወጣላቸው የሚገቡ 8 ዘርፎችን ዘርዝሯል። የሠራተኛው አፈጻጸምና አመለካከት እንዲሁም ማኅበራዊ ኃላፊነት ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ።

ኤድዊን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኋላም ከጋሪ ሌታም ጋር ባደረጋቸው ጥናቶች፣ «የተቻለህን አድርግ» ከሚል ማሳሰቢያ ይልቅ ግልጽና ጠንከር ያለ ግብ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይቷል። ነገር ግን ሰውየው ግቡን ከልቡ መቀበል፣ የመሥራት ችሎታው ሊኖረው እና የደረሰበትን የሚያሳውቀው ግብረ መልስ ማግኘት አለበት። እርስ በርስ የሚጋጩ ግቦች ደግሞ አፈጻጸምን ይጎዳሉ።

ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡትና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ቢ.ኤስ.ሲ. እየተባለ የሚታወቀው ሥርዓትም መነሻው ተመሳሳይ ነው። ገንዘብን ብቻ የሚለካ ድርጅት ደንበኛውን፣ የውስጥ አሠራሩንና የመማር አቅሙን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ለድርጅት በአንድ መለኪያ መመራት አደገኛ ከሆነ፣ ለሰው ልጅ ሕይወት እንዴት ደግ ሊሆን ይችላል?

የቢሮው ዕቅድ ለምን ያሸንፋል?

በአገራችን ሁለት አዲስ ዓመት አለን ማለት ይቻላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የቤታችን ዓመት ደግሞ መስከረም 1። በበጀት ዓመቱ የሚመራ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለቤቱ ሊያቅድ ሲቀመጥ የቢሮው ዕቅድ ሁለት ወር ቀድሞት ጊዜውን ይዞታል። በዚያ ላይ የቢሮው ዕቅድ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ በየሩብ ዓመቱ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ አለው። የቤቱ ዕቅድስ? «ዘንድሮ ለእናቴ ጊዜ እሰጣለሁ»፣ «ዘንድሮ ገንዘብ እቆጥባለሁ» የሚል ነው። ይህ ምኞት እንጂ ግብ አይደለም። ስለዚህ የሚሸነፈው ቤተሰባችንን ስለማንወድ ሳይሆን ዕቅዱ መሣሪያ ስለሌለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እቁብ ነው። ብቻውን መቆጠብ ያቃተው ሰው እቁብ ሲገባ ሳያጓድል ይጥላል። ደመወዙ አልጨመረም። የተጨመረው የታወቀ መጠን፣ የታወቀ ቀን እና ቢቀር የሚጠይቀው ዳኛና ጸሐፊ ነው። ሎክና ሌታም የጻፉትን ወላጆቻችን ያለ መጽሐፍ ሲሠሩበት ኖረዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እስቲ ሰዓታችንን እንቁጠር

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። እንደ እኔ ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው በቀን 2 ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ቢሄድ 12 ሰዓት ይሆናል። አምስት ማታ በ3 ሰዓት ሲባዛ የክፍል ትምህርት 15 ሰዓት ይወስዳል። በቀን 7 ሰዓት እንቅልፍ በሳምንት 49 ነው። ድምሩ 124፣ ቀሪው 44። ከዚህ ላይ ለጥናት 10፣ ለምግብና ለልብስ አጠባ በቀን 2 ሰዓት ሒሳብ 14 ስንቀንስ 20 ሰዓት ይተርፋል። እድር፣ ለቅሶ፣ ጸሎት፣ ዘመድ ጥየቃ ሁሉ የሚስተናገደው በዚችው ነው። አዋጁ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ሥራ ጣሪያ በሳምንት 12 ነው። ኦቨርታይሙን እስከ ጣሪያው የወሰደ ሰው በእጁ የሚቀረው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «እሺ፣ እሠራለሁ» ባልን ቁጥር ሰዓቱ ከማን እንደተወሰደ ማወቅ አለብን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ማመዛዘን ማለት ታዲያ ለሥራና ለቤት እኩል ሰዓት መስጠት አይደለም፤ ይህማ አይቻልም። ማመዛዘን ማለት ለቤቱ ግብ የቢሮውን ያህል ቁጥር፣ ቀንና ጠያቂ መስጠት ነው።

በተግባር ሲታይ

የራሴን ምሳሌ ላቅርብ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው የተሰጠው። እኔ የምሠራበት ቢሮ ደግሞ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። እሷ በጣም በምትፈልገኝ ሰዓት ቢሮው በጣም ይፈልገኛል ማለት ነው። የእሷ ዕድል ደግሞ እንደ ሪፖርት በቀጣዩ ሩብ ዓመት አይካካስም። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች አድርጌያለሁ።

1ኛ. ግቡን በቁጥር ጻፍኩት። «እህቴን አግዛለሁ» የሚለውን ትቼ «እሑድ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሒሳብ አብረን እንሠራለን» አልኩ።

2ኛ. ግጭቱን ከወዲሁ ፈለግሁ። የቢሮውንና የቤቱን ዕቅድ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሳሰፍር ሰኔ ተጨናንቆ አገኘሁት። የእህቴን ከባድ ምዕራፎች ከጥር እስከ ግንቦት አመጣኋቸው። ከዓመት ፈቃዴም 5 ቀን ለዚያ ጊዜ እንዲያዝልኝ ገና ከአሁኑ ጠየቅሁ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ግን የፈቃድ ፕሮግራም ሲወጣ ዝም ያለ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ቀን ነው።

3ኛ. «ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» ብዬ ወሰንኩ። ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድሞ የተወሰነ ግብ በተሻለ ሁኔታ እንደሚፈጸም አስረድቷል። እኔም «እሑድ ለቅሶ ወይም የእድር ጉዳይ ከገጠመኝ ጥናቱ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል» ብዬ ከእህቴ ጋር ተስማማሁ። ጠያቂዬም እሷው ናት፤ የቀረሁበትን ቀን ግድግዳ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከአለቃ ትከፋለች!

4ኛ. አንድ ነገር ተውኩ። እሑድ ከሰዓት ልጀምረው የነበረውን የፒችትሪ አጭር ኮርስ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አሸጋገርኩት። ኮርሱ ለደረጃ ዕድገት ይጠቅመኝ ነበር፤ መተዉም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ምንም ሳይቀንስ የሚጨምር ዕቅድ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ዕቅድ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የግል ግባችን የሚከሽፈው ፍላጎት ስላነሰን ሳይሆን ያለ ቁጥር፣ ያለ ቀንና ያለ ጠያቂ ስለምንተወው ነው። ለወደፊቱም የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት ለዚህ ሥራ ብናውላቸው መልካም ነው፤ የሐምሌው የቢሮ ዕቅድ በእጃችን ስለሚሆን የቤቱን ከጎኑ አስቀምጦ ማስተያየት ይቻላል። ዘንድሮ ያላደረግን ደግሞ አልረፈደም። ብዙ መጻፍም አያስፈልግም። ከሥራ ሁለት፣ ከቤት ሁለት ግብ ይበቃል፤ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ከአራቱ አጠገብ ግን አንድ መስመር እንጨምር፦ «ለዚህ ስል ዘንድሮ የምተወው ምንድን ነው?»

መልካም የሥራ፣ የትምህርትና የቤተሰብ ዘመን ይሁንልን!