ምዕራፍ 9፦ ቱርቦ ላለው ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮን አመራረጥ

ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ሁሉም ጣቱን ቱርቦው ላይ ይቀስራል። ተከፍተው ባየኋቸው ሞተሮች ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ቴስታታው ሲገጠም ነው።

የላንድ ክሩዘሩን ዋን ኤችዜድ እንውሰድ። ፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሠራው ናፍጣ ሞተር ነው፤ የአዲስ አበባ ስስ አየር ጉልበት ሲያሳጣው ባለቤቱ ቱርቦ ያስገጥምለታል። የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ያለው ግፊት 100 ባር ሲደርስ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ቴስታታውን በ7 ቶን ገደማ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ኃይል የሚችለው ብሎኑ ነው። ጓርኒሲዮኑ የሚዘጋው ብሎኑ እስከጨመቀው ድረስ ብቻ ነው።

ለቱርቦ የምመርጠው ከብዙ ስስ ብረት የተነባበረውን ነው። ቴስታታው በግፊትና በሙቀት ሲነቃነቅ አብሮ ይለጠጣል። ነገር ግን እንደ መስታወት የለሰለሰ ፊት ይፈልጋል። ግራፋይቱ ሸካራነትን ይችላል፣ ከፍተኛ ግፊት ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋል። መዳብ ለውድድር መኪና ነው፤ ውኃና ዘይት መያዝ ያስቸግረዋል።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጓርኒሲዮን የበላ ሞተር አይቻለሁ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ ስናጋድም በ3ኛውና በ4ኛው ሲሊንደር መካከል ብርሃን አለፈ። አሮጌውን ቅሪት በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ጠርገውት ብረቱን አጎድጉደውታል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ጉድጓድ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ቅሪቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ፤ ፊቱ ከተበላሸ ቶርኖ ቤት ይላኩት።

«ወፍራሙን ግዛ፣ ኮምፕሬሽን ይቀንስልሃል» የሚለውን ምክር አይቀበሉ። የናፍጣ ሞተር ጓርኒሲዮን ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ስንት እንደወጣ በዳያል ጌጅ ተለክቶ ነው። ለዚህም ነው ጠርዙ ላይ ፊደል ወይም ቀዳዳ የሚደረግበት። ሲሊንደሩ ከሰፋ ደግሞ የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከእሱ ትንሽ መብለጥ አለበት፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ከገባ እሳቱ ያገኘዋል።

እስከ መለጠጫው ድረስ የሚጠብቅ ብሎን አንዴ ከተፈታ አይመለስም፤ አዲስ ይግዙ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ከዘይትና ከውኃ ያድርቁ፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ በቶርክ መፍቻ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ደረጃ ያጥብቁ።

እንግዲህ ወደ ዕቃ መሸጫው ሲሄዱ የፒስተኑን ልክ፣ የሲሊንደሩን ስፋትና የጓርኒሲዮኑን ምልክት ጽፈው ይያዙ። የሞተሩን ስም ብቻ ነግረው አይግዙ።