ፀሐይ ሲከርር ሥራ እንዴት ይሠራል?

ቡሬ ወይና ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ግን ዐባይን ለመሻገር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,000 ሜትር ሲወረድ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ቡሬ ላይ ደህና የነበረው አየር ዐባይ በረሃ ሲደርስ ያቃጥላል።

በወይና ደጋም ቢሆን መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐይ የሚከርርባቸው ወራት ናቸው። የበቆሎ መሬት የሚታረሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ገበሬው «ፀሐይ ነው» ብሎ ቢቀመጥ ወቅቱ ያልፈዋል። ፀሐዩን ንቆ ቢሠራ ይታመማል፤ በሬውም ይደክማል። ታዲያ ምን ይሻላል?

ሰውነት ራሱን እንዴት ያበርዳል?

የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ስንሠራ ጡንቻችን ይግላል። ይህ ሙቀት የሚወጣው በላብ ነው። ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ያበርደናል። ላዩ የወዛ እንስራ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዝ ማለት ነው። ነገር ግን ላብ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። የወጣው ካልተተካ ጉልበት ይከዳል። ልብም ለጡንቻና ለቆዳ እኩል ደም ለማድረስ ስትል ትደክማለች። በቀትር የሚሠራ ሰው ብዙ ለፍቶ ጥቂት የሚሠራው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

1. በማለዳ እንጀምር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጠምዶ 5 ሰዓት ላይ የፈታ ገበሬ አርፍዶ ከጠመደው ይበልጣል። ቀትሩን ጥላ ሥር እንረፍ። በሬውንም ውሃ እናጠጣው። ማረሻ መሳልና ጅራፍ መግመድ የጥላ ሥራ ነው። ጀንበር ሲበርድ እንደገና እንጥመድ።

2. ሳንጠማ እንጠጣ። ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በየ20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። ጠላና አረቄ ውሃን አይተኩም።

3. ቀስ በቀስ እንልመድ። ብዙ የጎጃም ሰዎች ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማ ሲወርዱ ኖረዋል። ከደጋ የወረደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በኮንትራት የሚሠራ ሰው ገንዘቡ ያጓጓዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ሊጨርሰው ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ጥቂት ብር ቀርቶ ሰው ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻላል።

4. ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ልብስ እንልበስ። ራሳችንን በባርኔጣ ወይም በነጠላ እንከልል።

ሰው ቢታመምስ?

ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ሥራውን ያቁም። ጥላ ሥር ይረፍ። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ። ማንኪያው ትክክል ይሁን፤ አይከመር።

ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለና ከቃዠ ወይም ከወደቀ ግን አደጋ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችን «ምች መታው» ብለን ዳማከሴ ፍለጋ እንሮጣለን። ዳማከሴው እስኪታሽ ሰው ሊሞት ይችላል። ወዲያው ልብሱን አውልቁ። መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፤ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ። ውሃውን ሳታቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ካለው ወባም ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ቅል ውሃና አንድ የዋንዛ ጥላ ቀላል ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ሰውንም እርሻንም ያድናሉ።

ጥያቄዎች

1. ላብ ለሰውነት ምን ይጠቅማል?
2. ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምን ይጠንቀቅ?
3. በእናንተ ቀበሌ በሬ የሚጠመደው ስንት ሰዓት ነው? ይህን ማሻሻል ይቻላል? ተወያዩበት።