ብድር፣ ዕዳና ዋስትና በክርስቲያን ሕይወት
በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 29 ላይ የተመሠረተ ትምህርት



በቁምስናዎቻችን ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ምሥጢራት ዘወትር ትምህርት ይሰጣል። ስለ ብድር ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ የቤተሰብን ሰላም ከሚያደፈርሱ፣ ባልና ሚስትን ከሚያጣሉ፣ ወንድምን ከወንድሙ ከሚለያዩ ነገሮች አንዱ ዕዳ ነው። ዕዳ የከበደው ሰው ከጎረቤቱ ይሸሻል፤ አበዳሪውን ላለማግኘት ሲል የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣል፤ አንዳንዴም ከቅዳሴ ይቀራል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ትምህርት መሠረት አድርገን የመረጥነው መጽሐፈ ሲራክ 29፡1-20 ነው። ምክንያቱም ይህ ክፍል በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ለአበዳሪው፣ ለተበዳሪውና ለዋሱ በየተራ ይናገራል። ሦስቱም ግዴታ አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ግዴታውን ሲዘነጋ ሁለቱ ይጎዳሉ። የትምህርታችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ብድር በሦስቱ መካከል እውነት እስካለ ድረስ የፍቅር ሥራ ነው፤ እውነት ሲጎድልበት ግን ወጥመድ ይሆናል።

1. ተበዳሪው፦ ከመበደር በፊት መቁጠር

ሲራክ ተበዳሪውን አይኰንነውም። መበደር ኃጢአት ነውም አይልም። የሚወቅሰው ብድርን እንደ ወደቀ ገንዘብ የሚቈጥረውን ሰው ነው። ይህ ሰው ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ የአበዳሪውን እጅ ይስማል፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ቀጠሮ ያበዛል፣ በጊዜው ክፋትም ያመካኛል (ሲራ. 29፡4-5)። ከዚህ የሚከተለውን ጉዳት ሲራክ ጨምሮ ይነግረናል፤ ብዙዎች ማበደር የሚተዉት ክፉዎች ስለሆኑ ሳይሆን መታለልን ስለሚፈሩ ነው (ቍ. 7)። እንግዲህ አንድ ሰው ብድሩን ሲያስቀር የሚጎዳው አበዳሪውን ብቻ አይደለም፤ ነገ በእውነት ተቸግሮ የሚመጣውን ድሃ በር ይዘጋበታል።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ነግሮናል (ሉቃ. 14፡28)። ይህንኑ ለብድር ብናውለው፣ ማንኛውም ቤተሰብ ከመበደሩ በፊት አራት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፦ ገንዘቡ የሚፈለገው ለምንድን ነው? ከየት ገቢ ይከፈላል? በጠቅላላው ስንት ይከፈላል? ባልና ሚስት ሁለቱም ያውቁታል ወይ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ጥቂት እንቆይ። ለምርጥ ዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለልብስ ስፌት መኪና ወይም ለንግድ የሚወሰድ ብድር፣ ሥራው ከተሳካ፣ የሚከፈልበትን ፍሬ ራሱ ያስገኛል። ለሕክምና የሚወሰድ ብድርም ችግር የሚያስገድደው ነው። ለሠርግ፣ ለመስቀል ቅርጫ፣ ለተዝካር ድግስ የሚወሰድ ብድር ግን በአንድ ቀን ተበልቶ ዕዳው ለወራት ይቀራል። ሲራክ በሌላ ቦታ በተበደሩት ገንዘብ ድግስ መደገስ ሰውን ለልመና እንደሚዳርግ ያስጠነቅቃል (18፡33)። በተለይ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ‹‹ሰው ምን ይለኛል›› በማለት ለተዝካር ሲበደሩ እናያለን። ለሙታን የሚቀርበው የቅዳሴ መሥዋዕትና ጸሎት ድግስን ግዴታ እንደማያደርግ፣ ልጆችን በረኃብ የሚያስቀርም መታሰቢያ ሟቹን እንደማያስደስት መምህራን በግልጽ ማስተማር ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስሌት ይጠይቃል። ለምሳሌ 10,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር ወለድ ይከፍላል። በ10 ወር 10,000 ብር ከፍሎ ሲያበቃ ዋናው ገንዘብ አንድ ብር እንኳ አልቀነሰም። ወለዱን ሳይከፍል ቀርቶ በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ደግሞ በዓመቱ ዕዳው ከ31,000 ብር በላይ ይሆናል። ‹‹10 በመቶ›› ሲባል ትንሽ የሚመስለው በወር መሆኑ ስለሚዘነጋ ነው።

በእጅ ስልክ የሚሰጡት አጫጭር ብድሮችም እንዲሁ ሊሰሉ ይገባል። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር አማካይነት ከተጀመሩ ወዲህ ለብዙ ሰው ቀርበዋል፤ ለድንገተኛ ችግርም ይረዳሉ። ነገር ግን ከብድሩ ጋር የሚከፈለው ገንዘብ ወለድ ቢባል ወይም የአገልግሎት ክፍያ ቢባል ለተበዳሪው ያው ወጪ ነው። ለ1,000 ብር የአንድ ወር ብድር 80 ብር የሚከፈል ቢሆን፣ በየወሩ እየከፈለ መልሶ የሚበደር ሰው በዓመት 960 ብር ያወጣል፤ 1,000 ብሩ ግን የእርሱ አልሆነም። ስለዚህ አጭር ብድር ላንድ ጊዜ ችግር መሻገሪያ እንጂ የየወሩ ቀለብ መሆን የለበትም። በየሱቁ መዝገብ የሚጻፈው ዱቤም ከዚሁ ይቈጠራል፤ ደመወዝ ሳይደርስ ደመወዙን ይበላዋልና።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ አራጣ ባስተማረው ስብከት አበዳሪውን ብቻ ገሥጾ አላበቃም። ችግረኛውንም ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ ከመሄዱ በፊት ያለውን ዕቃ ሸጦም ቢሆን ነጻነቱን እንዲጠብቅ መክሮታል።

2. አበዳሪው፦ ምሕረት እንጂ ወጥመድ አይደለም

ሲራክ ምዕራፉን የሚጀምረው ለባልንጀራው የሚያበድር ሰው ምሕረት እንደሚያደርግ በመናገር ነው። ገንዘብን ከድንጋይ በታች አስቀምጦ ከማዛግ ለወንድም ሲሉ ማጣት እንደሚሻልም ይጨምራል (ቍ. 10)። የኦሪት ሕግ ለድሃ ሲያበድሩ ወለድ መውሰድን ከልክሏል (ዘፀ. 22፡25፤ ዘሌ. 25፡35-37)። ወፍጮ መያዣ እንዳይሆን፣ የድሃ መጎናጸፊያም በመያዣነት እንዳያድር አዟል (ዘዳ. 24፡6፣ 10-13)። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወፍጮውን የተነጠቀ ሰው የሚበላውን እንጀራ ተነጥቋል። በነህምያ ዘመን እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውን በመያዣ ሰጥተው ልጆቻቸውን ለባርነት የዳረጉ ሰዎች ሲጮኹ፣ ነህምያ አበዳሪዎቹን ሰብስቦ እርሻውን እንዲመልሱ አድርጓል (ነህ. 5፡1-13)። በአንዳንድ ገጠሮቻችን ወለድ አገድ የሚባለውን ልማድ እዚህ ላይ እናስብ። ባለ መሬቱ የተበደረውን እስኪመልስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይወስዳል፤ መሬቱ የሌለው ተበዳሪ ግን በምን ሠርቶ ይመልሳል?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለችም። በ1179 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በግልጽ አራጣ የሚያበድሩትን ከቅዱስ ቍርባንና ከክርስቲያናዊ ቀብር ከልክሏል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በ1745 እ.ኤ.አ. በጻፉት መልእክት፣ ከብድር ውል ብቻ ትርፍ መጠየቅ እንደማይገባ አስተምረው፣ ከውሉ ውጭ የሆኑ ተገቢ ምክንያቶች ሲኖሩ ግን ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል አመልክተዋል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ የሥራ ወጪን፣ ያለመከፈልን ሥጋትና የገንዘብን ዋጋ መውረድ የሚሸፍን ልከኛ ወለድ እንደ አራጣ አይቈጠርም። አራጣ የሚባለው የሰውን ጭንቀት የገቢ ምንጭ ማድረግ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በአራጣና በስስት ሌሎችን ለረኃብና ለሞት የሚዳርጉትን በተዘዋዋሪ መንገድ በነፍሰ ገዳይነት ይጠይቃቸዋል (ቍ. 2269)።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ገንዘብ ብድር በደነገገው መሠረት፣ ተዋዋዮች በግልጽ ካልተስማሙ ወለድ አይታሰብም፤ በዓመት ከ12 በመቶ የሚበልጥ ወለድም መዋዋል አይቻልም (ቍ. 2478-2479)። ባንኮችና ሌሎች የገንዘብ ተቋማት የራሳቸው ደንብ አላቸው። አራጣ በወንጀል ሕጋችንም ያስቀጣል። አንዳንድ አራጣ አበዳሪዎች ከዚህ ለማምለጥ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምረው ‹‹ይህን ያህል ተበድሬአለሁ›› የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። ስለዚህ ያልተቀበሉትን ገንዘብ ተቀበልሁ ብሎ መፈረም፣ ባዶ ወረቀት ወይም ባዶ ቼክ ላይ መፈረም በፍጹም አይገባም።

3. ዋሱ፦ እንደ ዐቅም መርዳት

ሲራክ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይመሰክራል። ተበዳሪውንም ዋሱ ነፍሱን ስለ እርሱ እንደ ሰጠ እንዳይረሳ ያሳስበዋል (ቍ. 14-15)። ነገር ግን ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን ከቤታቸው እንዳፈናቀለ አይሰውርም (ቍ. 18)። መደምደሚያውም ሚዛናዊ ነው፤ ባልንጀራህን እንደ ዐቅምህ እርዳ፣ አንተም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ይላል (ቍ. 20)።

በእኛ ዘንድ ዋስ መሆን የወዳጅነት ምልክት ነው። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት፣ ከማኅበር የሚበደር፣ ሥራ የሚቀጠር ሁሉ ዋስ ይጠየቃል። ‹‹እንቢ›› ማለትም ያሳፍራል። ውሎ አድሮ ግን ‹‹ዕዳ ከሜዳ›› የሚባለው ይደርሳል። ሕጋችን ዋሱን ለመጠበቅ የደነገገውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተጻፈም ዋስትናው ፈራሽ ነው (ፍ.ሕ. ቍ. 1725፣ 1922)። እንዲሁም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው (ቍ. 2472)። በወንድማማች መካከል ‹‹ምን ወረቀት ያስፈልጋል›› የሚለው አነጋገር የፍቅር ይመስላል፤ ፍቅርን የሚያጸናው ግን የተጻፈው ወረቀት ነው። ከመፈረም በፊትም ‹‹ወዳጄ ባይከፍል ይህን ገንዘብ ልጆቼን ሳላስርብ መክፈል እችላለሁን?›› ብሎ ራስን መጠየቅ ይገባል። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ በትሕትና እንቢ ማለት ኃጢአት አይደለም።

4. በዕዳ ለተያዘ ሰው

ዕዳን መክፈል የፍትሕ ግዴታ ነው (ትምህርተ ክርስቶስ ቍ. 2411)። ኑዛዜ ከኃጢአት ይፈታል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም። ሆኖም መክፈል የፈለገና ያልቻለ ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ተስፋም አይቍረጥ።

በ2ኛ ነገሥት 4፡1-7 አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣ መበለት ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ በመጀመሪያ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳለ ነው። ቀጥሎ ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ አዘዛት። ዘይቱ ከሞላ በኋላም ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በቀረው እንድትኖር ነገራት። ከዚህ ታሪክ የሚከተለውን ሥርዓት እንማራለን።

በመጀመሪያ፣ ዕዳውን ከተሰወረበት ማውጣት። ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ለቀለብ፣ ለዘርና ለልጆች ትምህርት የግድ የሚያስፈልገውን ለይተው ከቀረው በየወሩ የሚከፈለውን ይወስኑ። ሦስተኛ፣ ለሁሉም ጥቂት እየሰጡ ከፍተኛ ወለድ ያለውን አስቀድመው ይዝጉ። አራተኛ፣ ቀኑ ሳያልፍ ወደ አበዳሪው ሄደው እውነቱን ይናገሩና አዲስ የመክፈያ ጊዜ በጽሑፍ ይስማሙ፤ መደበቅ ጠብን ያመጣል። አምስተኛ፣ ወለዱ ዝቅተኛ ካልሆነ በቀር ዕዳን ለመክፈል ሌላ ዕዳ አይግቡ። የሚሸጥ ነገር ካለ አበዳሪው አስገድዶ በርካሽ ከማሸጡ በፊት ራሳቸው በደኅና ዋጋ ይሽጡት።

5. የቁምስናው ድርሻ

መበለቲቱ ማድጋ የሚያውሷት ጎረቤቶች ባይኖሯት ዘይቱ የሚቀዳበት አይኖርም ነበር። አራጣን መኰነን ብቻውን አይበቃም፤ የተቸገረ ሰው ሌላ በር ማግኘት አለበት። ይህን የተረዱ ፍራንቸስካውያን በ1462 እ.ኤ.አ. በጣልያን አገር በፔሩጂያ ከተማ ለድሆች በመያዣ በአነስተኛ ክፍያ የሚያበድር ግምጃ ቤት አቋቋሙ፤ አምስተኛው የላተራን ጉባኤም በ1515 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ቤቶች አጸደቀ። በካናዳም በኖቫ ስኮሺያ አባ ሙሴ ኮዲና አባ ጂሚ ቶምፕኪንስ ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን በትናንሽ የጥናት ቡድን እየሰበሰቡ አስተማሩ፤ ከጥናቱም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ተወለዱ። መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎም ቁጠባ፣ በመጨረሻ ብድር የሚለው ቅደም ተከተል ለእኛም ይጠቅማል።

በአገራችንም ዕቁብ፣ ዕድርና በሕግ የተመዘገቡ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። መዝገቡ ግልጽ፣ ሒሳቡ በየጊዜው የሚመረመር ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ማኅበር ብዙ ቤተሰብን ከአራጣ ያድናል።

ለቡድን ውይይት

1. በአካባቢያችን ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚበደሩት ለምንድን ነው? ከእነዚህ ውስጥ ልማድን በመለወጥ ሊቀሩ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው?
2. ሲራ. 29፡1-20ን አንብቡ። ለአበዳሪው፣ ለተበዳሪውና ለዋሱ የተሰጠውን ምክር ለይታችሁ ጻፉ።
3. በቁምስናችን ድንገት የታመመ ልጅ ያላት እናት ገንዘብ ቢያስፈልጋት ወደ ማን ትሄዳለች? ወደ እኛ እንድትመጣ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጌታችን ባስተማረን ጸሎት ‹‹በደላችንን›› የምንለው በማቴዎስ ወንጌል የግሪክ ጽሑፍ ‹‹ዕዳችንን›› የሚል ነው (ማቴ. 6፡12)። ሁላችንም ልንከፍለው የማንችለው ዕዳ የተሰረዘልን ነን። እንግዲህ የተበደርን በእውነት እንክፈል፤ ያበደርን በምሕረት እንጠብቅ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም እንዳስተማረን እርስ በርስ ከመዋደድ በቀር የማንም ዕዳ እንዳይቀርብን እንትጋ (ሮሜ 13፡8)። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።