በስማችን ስንፈለግ እንድንገኝ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የሚውለው ፈላጊ ሲመጣ የሚገኝ ከሆነ ነው። ዛሬ ደግሞ ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎረቤትን ሳይሆን የኢንተርኔት መፈለጊያን ሆኗል። ቀጣሪው፣ የትምህርት ዕድል ሰጪው፣ የድሮ ተማሪያችን ሁሉ ስማችንን ጽፎ ይጠይቃል። ታዲያ ማን ይወጣል? እኛ ወይስ ሞክሼያችን? የዛሬው ትምህርታችን ይህንን ይመለከታል።

፩. መፈለጊያው እንዴት ይሠራል?

እንደ ጉግል ያለው መፈለጊያ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ማያያዣዎችን እየተከተለ ገጾችን ያነባል። ሁለተኛ፣ ያገኛቸውን ቃላት እንደ መጽሐፍ ማውጫ ይመዘግባል። ሦስተኛ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ከመዝገቡ አውጥቶ በደረጃ ይደረድራል። ደረጃ ሲሰጥም ስሙ በገጹ አርእስት ላይ መኖሩን፣ ጽሑፉ ለጠያቂው መጥቀሙን፣ ሌሎች ገጾችም ወደዚያ መጠቆማቸውን ያያል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ የተነሡበት ነው። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥተን ጥሩ የመንዝ ባና ብንፈልግና የጠየቅናቸው አምስት ሰዎች አንድ ሻጭ ቢጠቁሙን፣ ወደዚያው እንሄድ የለም?

፪. ሞክሼ ሰዎችና ሞክሼ ፊደላት

ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኖረ የሚባለውና በሐተታው የሚታወቀው ፈላስፋም ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ስሙን ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ያገኛል። «ደብረ ብርሃን» ወይም «ሐተታ» የሚል ቃል ሲጨምር ግን ወዲያው ይለያሉ። እንግዲህ ሞክሼን ከሞክሼ የሚለየው ቦታና ሥራ መሆኑን ልብ እንበል።

ሌላው ችግር የፊደል ነው። ጆሯችን ሠንና ሰን፣ ዐንና አን አይለይም። ኮምፒዩተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ሲገባ፣ ሞክሼዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። እስቲ እናስላው፦ ዘርአ፣ ዘርዐ፣ ዘርዓ ብለን ሦስት፤ ያዕቆብ፣ ያእቆብ ብለን ሁለት፤ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ ቢጻፍ ደግሞ ሁለት። 3 × 2 × 2 = 12። አንዱ ስም ዐሥራ ሁለት መልክ አወጣ ማለት ነው! አንዳንድ መፈለጊያ ይህን ለማቻቻል ቢሞክርም፣ በዚያ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም።

፫. ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ

እዚህ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ያዩትን በየቋንቋቸው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን ልዑክ መርቶ የመጣው ሜጀር ሃሪስ አንዱ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀደም ብሎ የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሌላው ነው። እንግሊዞች ሸዋን በ«ኤስ ኤች» ሲጀምሩ፣ ፈረንሳዮች በ«ሲ ኤች» ጀመሩ። አገሩ አንድ፣ ማውጫው ሁለት! በእኛም ስም እንዲሁ ነው። ያዕቆብ በ«ዋይ» ወይም በ«ጄ» ይጀምራል፤ «ቆ» በ«ኪው»፣ በ«ኬ» ወይም በ«ሲ» ይጻፋል።

በዚህ ላይ የውጭው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። በሸዋ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» እያሉ የአባቱን ስም ይጠሩ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም በአንዳንድ የውጭ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት «ዘውዴ» ከሚለው ሥር ነው። በሃምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ግን ኢትዮጵያውያንን እንደ ባህላቸው በራሳቸው ስም ደርድሯል።

፬. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ) በአማርኛም በላቲንም አንድ አጻጻፍ እንምረጥና አንለዋውጠው። ምርጫው ከትምህርት ማስረጃችን፣ ከፋይዳ መታወቂያና ከፓስፖርት ጋር ይግጠም። ሞክሼ የሚበዛበት ስም ከሆነ የአያት ስም ይጨመር።

ለ) ከስማችን ቀጥሎ ሥራችንንና ቦታችንን እንጻፍ፦ «የሒሳብ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ» ብንል ከሞክሼ ይለየናል።

ሐ) በኢንተርኔት ላይ የራሳችን ገጽ ካለን ስማችን በአርእስቱ ላይ ይዋል። ነገር ግን ስም ብቻውን ባዶ ቤት ነው። ክፍልፋይን በገብስ ስፍር እንዴት እንዳስተማርን፣ ከካርቶንና ከቆርኪ የሠራነው የትምህርት መርጃ እንዴት እንደጠቀመ በዝርዝር እንጻፍ። ሌላ መምህር የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ያገኘውም ለሌላው ይጠቁማል።

መ) የሥራ ባልደረቦቻችንና ትምህርት ቤታችን ስማችንን በዚያው አጻጻፍ እንዲጠቅሱ እንጠይቅ። ምርምር የምናሳትም ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አኃዝ መለያ እናውጣ። ስም ቢዛባ ቁጥሩ አይዛባም።

ሠ) መፈለጊያውን ለማታለል አንሞክር። ስምን መቶ ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ ደረጃን ዝቅ ያደርግ እንደሆን እንጂ አያወጣም። የቤት አድራሻን፣ የስልክ ቁጥርን፣ ይልቁንም የተማሪዎችን ስምና ፎቶግራፍ አናውጣ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዛሬ ተጽፎ ነገ አንደኛ የሚወጣ የለም።

፭. ከሁሉ የሚበልጠው

እስካሁን ያልነው ስለ ራሳችን ስም ነበር። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሠልጣኞች ነገ ገጠር ትምህርት ቤት ሲመደቡ፣ አንደኛ ክፍል የሚገባውን ልጅ ስም በመዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት እነሱ ናቸው። በአካባቢያችን አንድ ልጅ የክርስትና ስም አለው፣ አያቱ ያወጡለት የቤት ስም አለው፣ ጓደኞቹ የሚጠሩት ሌላ አለው። መምህሩ ቸኩሎ አንዱን ጻፈ እንበል። በዓመቱ ሌላው መምህር በሌላ ፊደል ገለበጠው። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ሌላ፣ በዐሥራ ሁለተኛ ሌላ ይሆናል። ልጁ አድጎ ማስረጃውን ሲያቀርብ «ይህ ያንተ አይደለም» ይባላል፤ ስሙን ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ለተማረበት ዓመት ምስክር የሚሆነው ያ አንድ መሥመር ጽሕፈት ነው።

ስለዚህ በምዝገባ ቀን ወላጅን «ልጅዎ በየትኛው ስም እንዲጠራ ይፈልጋሉ?» ብለን እንጠይቅ። የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ከዚያ እንገልብጥ። የጻፍነውን ጮክ ብለን እናንብብላቸው። በላቲን ስንጽፍም በየዓመቱ አዲስ አንፍጠር፣ የመጀመሪያውን እንከተል። ልጁም ገና ሀሁ ሲቆጥር የገዛ ስሙን በትክክለኛው ፊደል መጻፍ ይልመድ። እኛ በስማችን ለመገኘት ይህን ያህል ከደከምን፣ ስሙን በእጃችን ላይ ለጣለ ልጅ ደግሞ የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

መልመጃ

1. የእናንተ ስም ከነአባታችሁ ስም በአማርኛ በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? ከላይ ባየነው መንገድ አባዝታችሁ አስሉ።

2. ስማችሁ በስምንተኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃችሁ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ነው? አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ሳይዘገይ ይታረም።

3. በሁለት ስም የሚጠራ ልጅ ለምዝገባ ቢመጣ ወላጁን ምን ምን ትጠይቃላችሁ? በቡድን ተወያዩበት።