እንሽላሊት ለምን ይወገራል?

የትኛውን ነው የምንለው?

ጎንደር ላይ ፀሐይ ወጣ ሲል ካብ ላይ የምናየው ፍጥረት አንድ ዓይነት አይደለም። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ እግሩ አጭር፣ ኮቴ ሲሰማ ሣር ውስጥ ሽው የሚለው ትንሹ እንሽላሊት አለ። ገበሎ ደግሞ ራሱ ሰፊ፣ ቆዳው ሻካራ ነው፤ አለት ላይ ወጥቶ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ለሌላው ወንድ «ቦታው የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ወደ ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ዳር ከቆማችሁ ደግሞ ሁለት ሜትር ሊያልፍ የሚችለውን አርጃኖ ልታገኙ ትችላላችሁ። እስስት የእነዚሁ ዘመድ ብትሆንም ኑሮዋ ቁጥቋጦ ላይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ትቆየን።

ፀሐይና ድንጋይ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች፤ ደባርቅ ከዚያም ከፍ ትላለች። ሌሊቱ ይበርዳል። እንሽላሊት ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከጋለ ድንጋይ ነው። ሳይሞቅ መሮጥም ሆነ የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። ጠዋት ካብ ላይ ተለጥፎ የሚውለው፣ ክረምት ደመናው ሲከብድም የሚጠፋው ለዚህ ነው። ድንጋይ የሚክብ ገበሬና ግንብ ያስገነባ ንጉሥ ሳያስቡት ቤት ሠርተውለታል፤ ስንጥቁ ከጭልፊትም ከብርድም ያስጥለዋል።

መርዝ አለው ወይ?

ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የካብ እንሽላሊትም ሆነ ገበሎ መርዝ የላቸውም። በመርዛቸው በሰው የሚፈሩት እንሽላሊቶች በሰሜን አሜሪካ በረሃና በአካባቢው ያሉ ናቸው። አርጃኖ ግን ሲከበብ ይነክሳል፣ በጅራቱም ይገርፋል፤ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። መንገድ ከተለቀቀለት ወደ ውኃው ይሸሻል።

ተቆርጦ የሚወራጨው ጅራትም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ትንሹ እንሽላሊት ሲያዝ ጅራቱን ራሱ ይጥላል፤ አጥንቱ ላይ ለመሰበር የተዘጋጀ ቦታ አለው፣ ጡንቻውም ወዲያው ስለሚኮማተር ደሙ ብዙ አይፈስም። ጅራቱ ሲወራጭ ጠላት እሱን ያያል፣ ባለቤቱ ያመልጣል። በምትኩ የሚበቅለው ውስጡ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው። አርጃኖ ጅራቱ ከተቆረጠ አይተካለትም።

ሰውና እንሽላሊት

በሌላው የአፍሪካ ክፍል አርጃኖ ለሥጋውና ለቆዳው ይታደናል፤ የቆዳው ዓለም አቀፍ ንግድም በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። እኛ ዘንድ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከርኩሳን ስለቆጠራቸው ድስት አይገቡም። ይህ ከቢላዋ አድኗቸዋል፤ ከድንጋይ ግን አላዳናቸውም።

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሰሜን ተራራንና ጎንደርን ጎብኝቶ ነበር። በ1835 ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው እንስሳት መካከል ጭላዳ፣ ዋልያና ሆዱ ሰማያዊ የሆነው የአገራችን ገበሎ ይገኛሉ። ለዋልያ ሲባል ፓርክ ተከለለ፤ ባንድ ዓመት ስም ያገኘውን ገበሎ ግን ልጆቻችን ይወግሩታል። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ገበሎና እንሽላሊት ጉንዳን፣ ጥንዚዛና ፌንጣ ለቅመው የሚያድሩ ናቸው፤ ከገበሬው ማሳ የሚወስዱት እህል የለም። አርጃኖ ጫጩትና እንቁላል መውሰዱን አልክድም፤ ለእሱ መፍትሔው የዶሮ ቤቱን ማጥበቅ ነው።

እንሽላሊት ቤት ከገባባችሁ በሩን ከፍታችሁ በመጥረጊያ ቀስ ብላችሁ ወደ ደጅ ምሩት፤ ልጆቹንም ድንጋዩን አስጥሏቸው።