ሴቴዋ ኮሶ

ስለ ዱር ዕፅዋት ያላቸውን እውቀት አያቶቻችንን ስንጠይቅ የቅጠል ስም መዝግበን እንመለሳለን። ዋናው እውቀት ያለው ግን ከስሙ ቀጥሎ በሚነገረው ላይ ነው፤ የቱ ክፍል፣ መቼ፣ ምን ያህል። ኮሶን እንይ።

አበባው

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል የሚንጠለጠለው፣ ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴዋ አበባ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ አይረሳውም።

ለምን ይደጋገም ነበር?

ጥሬ ሥጋ ወዳጆች በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ትል በኮሶው ተቆራርጦ ቢወጣም ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ በሁለት ሦስት ወር ተመልሶ ያድጋል። ልማዱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ አጉሊ መነጽር ያላዩ ሰዎች የትሉን ዕድገት በቀን ቆጠራ ደርሰውበታል። በአማርኛ ዛፉም፣ መድኃኒቱም፣ ትሉም «ኮሶ» መባላቸው ትውውቁ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ይናገራል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዛፉ ጽፏል። ሳይንሳዊ ስሙ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ሃገን ለተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያ ነው። አበባውን ለይተው ያወቁት ሰዎች ድርሻ በሁለተኛው ቃል፣ በአገራቸው ስም፣ ብቻ ቀርቷል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

መጠኑ

ኮሶ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ዛሬ በጤና ጣቢያ እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መጠኑ የታወቀ ክኒን ስላለ ኮሶን ቤት ውስጥ አትሞክሩ።

ሳማስ?

ሳማ ደግሞ እንደ ኮሶ መድኃኒት ሳይሆን በዋናነት ምግብ ነው፤ እሱም ቢሆን አያያዙን ማወቅ ይጠይቃል። እጅ እንዳይለበልብ ለጋው ቅጠል በጥንቃቄ ይቀጠፋል፤ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል። በችግር ጊዜ ብዙ ቤት አሳልፏል፤ ለጨጓራም ይረዳል የሚሉ አሉ።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት አንድ አዛውንት ስለ አንድ ተክል ብቻ ጠይቁ። የሚቀጠፈውን ክፍል፣ ወቅቱን፣ አዘገጃጀቱን፣ ለማን እንደሚከለከል ጻፉ። የነገራችሁንም ሰው ስም፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ከላይ አስፍሩት።